ማድመቅ ርእስ መስጠት አይደለም

«ኤችቲኤምኤል የኮምፒዩተር ተማሪዎች እንጀራ ነው፤ የአርትስ ተማሪን ምን አግብቶት?» የሚለው አነጋገር በግቢያችን ከተለመደ ቆይቷል። ይህን የሚሉትም ሌሎች ሳይሆኑ እኛው ራሳችን፣ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን። ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነውም ከጥቂት ወራት በፊት እንደዚሁ እንል ስለ ነበር፣ ኋላ ግን አንድ ስሕተት ሠርተን ስለ ታረምን ነው። ከአንባቢዎቻችን መካከል ሥራውን ጠንቅቀው የሚያውቁ እንዳሉ አንዘነጋም፤ እነርሱ ይታገሡን። ቃላችን ለጀማሪው፣ ይልቁንም ጀምሮ ለተወው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህችን መጽሔት የቀድሞ እትሞች በስልክና በኮምፒዩተር እንዲነበቡ ለማድረግ አሰብን። እንደሚታወቀው መጽሔታችን በጥቂት ቅጂ ተባዝታ ከእጅ ወደ እጅ የምታልፍ ናት፤ ሽቦዋ ዝጎ፣ የመጨረሻው ገጽ ተገንጥሎ፣ ማን ዘንድ እንደ ቀረች ሳይታወቅ ትጠፋለች። ስለዚህ አንዱን እትም መርጠን በውስጡ ያሉትን አሥራ አንድ ጽሑፎች ቃል በቃል እየተየብን በአንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል አኖርናቸው። ከመካከላችን ሥራውን የሚያውቅ አልነበረም፤ የተማርነው በሁለት ምሽት ነው። ቃልን የሚያደምቀውን ምልክት፣ የሚያዘነብለውን ምልክት፣ ከሥሩ የሚያሰምረውን ምልክት አወቅንና ሁሉን የጨበጥን መሰለን። የእያንዳንዱን ጽሑፍ ርእስ አደመቅነው፣ አተለቅነው፣ ከመካከል አቆምነው። ሲታይ ያምር ነበር። እውነቱን ለመናገር ኮርተን ነበር።

ፋይሉን በመጀመሪያ ከሰጠናቸው ሰዎች አንዱ ዐይነ ስውር የሆነ የክፍል ጓደኛችን ነው። እርሱ የሚያነበው በጆሮው ነው፤ በላፕቶፑ ላይ ኤንቪዲኤ የሚባል፣ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ፣ ያለ ዋጋ የሚገኝ ፕሮግራም አለው። በማግስቱ ሲያገኘን «እናንተ ልጆች፣ የላካችሁልኝ አንድ ጽሑፍ ነው ወይስ አሥራ አንድ?» አለን። «አሥራ አንድ ነው እንጂ፤ ርእሶቹን አላገኘሃቸውም?» ብንለው «ምን ርእስ አለው!» ብሎ ሳቀ። ከዚያም አሳየን። በዚህ ፕሮግራም የሚያነብ ሰው ኤች የምትባለውን የላቲን ፊደል ሲጫን ከርእስ ወደ ርእስ ይዘላል፤ እኛ ገጹን በዐይናችን ገርፈን የፈለግነውን እንደምናገኝ ማለት ነው። እርሱ ግን ኤችን ደጋግሞ ቢጫን የሚሰማው ርእስ የለም የሚል መልስ ብቻ ሆነ። አሥረኛውን ጽሑፍ ለመስማት ዘጠኙን መስመር በመስመር ማለፍ ነበረበት። እስከ ስድስተኛው ድረስ እንደዚያ አድርጎ ከሄደ በኋላ «ተኛሁ» አለን።

ጥፋቱ ምን ነበር? እኛ ለኮምፒዩተሩ የነገርነው «ይህን ቃል አድምቀው» ብለን ነው፤ «ይህ ርእስ ነው» ብለን አንድም ጊዜ አልነገርነውም። የሚያይ ሰው ደማቁንና ትልቁን ሲያይ ርእስ መሆኑን በልቡ ይገምታል። ማሽኑ አይገምትም፤ የተነገረውን ብቻ ያውቃል።

ኤችቲኤምኤልን ያልሞከረ አንባቢ ቢኖር ባጭሩ እናስረዳው። ይህ ነገር ስሌት የሚሠራ የፕሮግራም ቋንቋ አይደለም። ያለቀለትን ጽሑፍ ወስዶ ይህ ርእስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ጥቅስ ነው እያሉ ምልክት ማኖሪያ ነው። ምልክቶቹ በሁለት ቀስት መሰል ቅንፎች መካከል የሚጻፉ አጫጭር ቃላት ናቸው፤ አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው ዘንባላ ጭረት ጨምሮ ይዘጋል። ስማቸውን እንደምንጠራቸው በፊደላችን እንጻፋቸውና፣ ዋናው ርእስ «ኤች 1» ነው፤ ከሥሩ ያለው «ኤች 2»፤ እንዲህ እያለ እስከ «ኤች 6» ይወርዳል። አንቀጽ «ፒ» ነው። «ቢ» ያደምቃል፣ «አይ» ያዘነብላል፣ «ዩ» ያሰምራል። ከነዚህ ሌላ «ስትሮንግ» እና «ኤም» የሚባሉ አሉ። ጀማሪው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው፤ «ቢ»ና «ስትሮንግ» በዐይን ሲታዩ ሁለቱም ያደምቃሉ፣ «አይ»ና «ኤም»ም ሁለቱም ያዘነብላሉ። ታዲያ ስለ ምን ሁለት ሁለት ሆኑ?

መልሱ በታሪኩ ውስጥ ይገኛል። ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ሲሠራ ሳለ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 ባወጣው የመጀመሪያ የምልክቶች ዝርዝር ውስጥ ስድስቱ የርእስ ደረጃዎች፣ አንቀጽና ዝርዝር ነበሩበት፤ «ቢ» የሚባል ማድመቂያ ግን አልነበረበትም። አንድ ጽሑፍ በየዐይነቱ ኮምፒዩተር ላይ እንዲነበብ ነበርና የታሰበው፣ ጸሐፊው የነገሩን ምንነት ይናገር፣ መልኩን የሚያነበው ማሽን እንደ አቅሙ ይወስን ተባለ። «ቢ»ና «አይ» ከ«ስትሮንግ»ና ከ«ኤም» ጋር በ1995 በወጣው 2.0 በተባለው ደንብ ላይ ተጻፉ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ መልክ ወደደ። የፊደልን መጠንና ቀለም የሚለዋውጠው «ፎንት» በ1997 መጀመሪያ ደንብ ውስጥ ገባ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው አራተኛው ደንብ ግን ይህን ምልክት ባትጠቀሙበት ይሻላል አለ። መልክን የሚወስን ሲኤስኤስ የሚባል የተለየ ቋንቋ ተገኝቶ ነበርና። በ2014 የጸደቀው አምስተኛው ደንብ «ፎንት»ን ጨርሶ አስወጣው፤ «ቢ»ንና «አይ»ን ግን የየራሳቸውን ሥራ ሰጥቶ አቆያቸው። በዚህ ደንብ መሠረት «ስትሮንግ» ነገሩ ብርቱ ቁም ነገር ወይም ማስጠንቀቂያ ሲሆን፣ «ኤም» ሲነበብ ድምፅ የሚጠብቅበት ቃል ሲሆን፣ «ቢ» ዐይን እንዲያርፍበት ብቻ ሲፈለግ፣ «አይ» ደግሞ የባዕድ ቋንቋ ቃልን የመሰለ ከሌላው የተለየ አነጋገር ሲሆን ነው።

እኛ እንግዲህ ርእሶቻችንን ያተለቅነው በዚያ ከተነቀፈ ብዙ ዘመኑ በሆነው በ«ፎንት» ነበር። ከአንድ ያረጀ ማስተማሪያ የለቀምነው ነው። ብራውዘሩ አሮጌውንም ሳይነቅፍ ስለሚያሳይ ስሕተቱን የሚነግረን አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብናል። አንዳንድ ማስተማሪያ «በቢ ፈንታ ስትሮንግን ጻፉ፤ ዐይነ ስውሩ ይሰማዋል» ይላል። ከጓደኛችን ጋር ተቀምጠን ሞከርነው፤ አልተሰማም። እነዚህ የሚያነቡ ፕሮግራሞች በብዛት፣ እንዲናገሩ ካልታዘዙ በቀር፣ «ስትሮንግ»ን ዝም ብለው ያልፉታል። ርእስን፣ ዝርዝርንና አያያዥን ግን ይናገራሉ። ስለዚህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው፤ የጀማሪ ትምህርት ሁሉ ከማድመቅና ከማዘንበል መጀመሩ ስሕተት ነው። ውጤቱ ወዲያው ስለሚታይ ጀማሪን ደስ ያሰኛል፤ እኛንም ደስ አሰኝቶናል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ምሽት ለርእስና ለአንቀጽ ቢውል፣ ማድመቂያው ለሦስተኛው ምሽት ቢቆይ ምንም አይጎድልም።

ወደ አርትስ ተማሪው እንመለስ። ርእስ ምን እንደ ሆነ፣ ጥቅስ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ የአንድ አንቀጽ ሐሳብ የት ላይ እንደሚዞር የሚማረው ማን ነው? እኛ አይደለንምን? ኢንጂነሩ ምልክቱን ያውቃል፤ ምልክቱ የት ይረፍ የሚለው ጥያቄ ግን የንባብ ጥያቄ ነው።

ለምሳሌ ያህል «ኤም»ን እንውሰድ። እንግሊዝኛ አንድን ቃል ለማጉላት ሲፈልግ ብዙ ጊዜ ቃሉን ከቦታው ሳያነሣ በድምፅ ይጫነዋል፤ በጽሑፍ ሲሆን ያ ድምፅ ስለማይታይ ማዘንበል አስፈለገው። አማርኛ ግን ሌላ መንገድ አለው። «አበበ ትናንት መጣ» ያልን እንደ ሆነና የመጣው ሌላ ሰው አለመሆኑን ለመናገር ብንፈልግ «ትናንት የመጣው አበበ ነው» እንላለን፤ ቀኑን ለማጉላት ብንፈልግ «አበበ የመጣው ትናንት ነው» እንላለን። «አበበማ መጣ»፣ «አበበስ?»፣ «አበበ እንኳ መጣ» ስንል ማጉላቱን የሚሠሩት እነዚህ ትናንሽ ቃላት ናቸው። በልምምዳችን ጊዜ አንድን ቃል በ«ኤም» ልንከብብ ስንል ዐረፍተ ነገሩ ራሱ አንካሳ ሆኖ ያገኘነው ብዙ ጊዜ ነው። ምልክቱን ትተን ዐረፍተ ነገሩን አቃናነው። ይህን ያህል ሰዋስው በሁለት ዓመት ትምህርት አላስተዋልንም ብንል አስተማሪዎቻችን አይቀየሙን።

የዘነበለ ፊደልም ቢሆን የእኛ ልማድ አይደለም። በላቲን ፊደል የዘነበለው ቅርፅ ከእጅ ጽሕፈት የተወለደ ነው፤ አልዶ ማኑዚዮ የተባለው የቬኒስ አታሚ በ1501 ሙሉ መጽሐፍ አትሞበታል። ፊደላችን ግን እንዲህ ያለ ወንድም የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው ፎንት የዘነበለ ቅርፅ አልተሠራለትም፤ ስለዚህ «አይ» ስንለው ብራውዘሩ ቀጥ ብሎ የቆመውን ፊደል በግድ ይገፋዋል፣ ሀና ለም ከመሸታ ቤት እንደ ወጣ ሰው ይንገዳገዳሉ። አቢሲኒካ የተባለው ፎንት ደግሞ ደማቅም የለው፤ ብራውዘሩ በራሱ ፈቃድ ሲያወፍረው ጭና ጯን የመሳሰሉት በትንሽ መጠን ጥቁር ነጠብጣብ ይመስላሉ። ሰው ሁሉ ፈረንጅ ሲያዘነብል አይቶ አማርኛውን ያዘነብላል፤ ለምን እንደ ሆነ ግን የሚጠይቅ የለም።

የእኛ ጸሐፍት ታዲያ እንዴት ያጎሉ ነበር? ብራና ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በቀይ ቀለም ነው። የፈጣሪን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም፣ የክፍሉን መክፈቻ መስመሮች በቀይ ይጽፏቸው ነበር። ቀዩ ለጌጥ ብቻ አልተጻፈም፤ ይህ ቅዱስ ስም ነው፣ እዚህ ላይ አዲስ ክፍል ይጀምራል ብሎ ይናገራል። ይህንኑ በኤችቲኤምኤል ማድረግ አስቸጋሪ አይደለም፤ ስሙን በምልክት ከብቦ ስም መሆኑን መናገር፣ ከዚያ በሲኤስኤስ ቀይ አድርጉት ብሎ በአንድ መስመር ማዘዝ ነው። (ጓደኛችን ይህን ስናወራ ሰምቶ «ቀዩም ቢሆን አይሰማም» ብሎናል። እውነቱን ነው።)

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረንም ያስተማረንም ግጥም ነው። አራት መስመር ግጥም ተይበን፣ ፋይሉን ስንከፍት አራቱም መስመሮች ተቀጣጥለው አንድ ሆነው ወጡ። መስመሩን ደጋግመን ብናወርድ፣ ክፍት ቦታ ብናበዛ ለውጥ የለም፤ ኤችቲኤምኤል የተደጋገመውን ክፍት ቦታና መስመር ሁሉ እንደ አንድ ክፍት ቦታ ይቆጥረዋልና። ኋላ መስመር የሚሰብረውን «ቢአር»ን አገኘን። ካገኘነው በኋላ ደግሞ ሥራ አበዛንበት፤ አንቀጽና አንቀጽን ለመለየት ሳይቀር ሁለት ሁለት «ቢአር» እንደረድር ጀመር። ደንቡ ግን «ቢአር» የሚገባው የመስመሩ መሰበር የጽሑፉ አካል ሲሆን ነው ይልና፣ እንደ ምሳሌ የሚጠቅሰው ግጥምንና አድራሻን ነው። ይህን ስናነብ በጣም ደስ አለን። በግጥም ላይ መስመሩ የሚሰበረው ገጣሚው ስለ ሰበረው ነው፤ በዝርው ጽሑፍ ላይ የሚሰበረው ወረቀቱ ስላለቀ ነው። እንግዲህ አንድ የምልክት ደንብ በግጥምና በዝርው መካከል ያለውን ልዩነት እንዲህ አድርጎ ይነግረናል ብሎ ማን ገመተ?

አማርኛ የሚጽፍ ጀማሪ ብቻውን የሚወድቅባት አንዲት ጉድጓድ አለች። ፊደላችን በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ሲሆን፣ ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። በፋይሉ አናት ላይ ይህ ጽሑፍ በዩቲኤፍ 8 የተጻፈ ነው የሚለውን አንድ መስመር የረሳን እንደ ሆነ ብራውዘሩ በስሕተት ሦስቱን ባይት እንደ ሦስት የላቲን ምልክት ሊያነባቸው ይችላል፤ በአማርኛው ፈንታ አክሰንት ያለባትን የላቲን አ እየደጋገመ የሚዘበራረቅ ነገር ይዘረግፋል። ብዙ ጀማሪ ኮምፒዩተሬ አማርኛ አይችልም ብሎ የሚተወው በዚህ ጊዜ ነው። ሌላዋም መስመር እንደዚሁ አትዘንጋ፤ የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑን በሁለት ፊደል፣ በኤና በኤም፣ መናገር ያስፈልጋል። ቋንቋው ያልተነገረው የንባብ ድምፅ አማርኛውን ብዙ ጊዜ ወይ ዘሎት ያልፋል ወይ የማይገባ ነገር ያነበንባል። ከተነገረው ደግሞ ሌላም ጸጋ አለው፤ አጭር ጥቅስን በ«ኪው» ብንከብበው ብራውዘሩ ራሱ እንደ መጻሕፍቶቻችን ባለ ድርብ ማዕዘን ትእምርተ ጥቅስ ያኖርልናል።

መክፈትና መዝጋትን በተመለከተ የምንለው ጥቂት ነው። የግቢውን በር ከፍቶ ቀጥሎ የቤቱን በር ከፍቶ የገባ ሰው ሲወጣ የሚዘጋው በመጀመሪያ የቤቱን፣ ኋላ የግቢውን ነው፤ ምልክቶቹም እንዲሁ ናቸው። አንድ ጊዜ «ቢ»ን ከፍተን ሳንዘጋ ሄድንና ከሦስተኛው ጽሑፍ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ ጽሑፉ ሁሉ ደመቀ። ሁሉ ሲደምቅ ምንም የደመቀ አይኖርም።

አሁን ተቃዋሚዎቻችን ምን እንደሚሉ እናውቃለን። አንደኛው «በዎርድ ላይ ቁልፍ ተጭኜ የማደርገውን ስለ ምን በእጄ ልጻፍ?» ይላል። ወዳጃችን፣ በዎርድም ላይ ቢሆን ርእስ የሚሰጥ ትእዛዝ አለ፤ አብዛኞቻችን ግን ርእስን የምናበጀው አድምቀንና አተልቀን ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፋችንን ማውጫ በጣታችን ገጽ እየቆጠርን የምንሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለተኛው «የዛሬ ጊዜ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብንጠይቀው ምልክቱን ሁሉ ይጽፍልናል» ይላል። ይጽፋል፤ አንክድም። ግን የጻፈውን ማንበብ የማይችል ሰው ትክክል መሆኑን በምን ያውቃል? እኛስ የመጀመሪያውን ፋይላችንን ትክክል ነው ብለን አልነበረምን? ሦስተኛው «ኮምፒዩተር የለኝም» ይላል፤ ይህኛው እውነተኛ ችግር ነው፤ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ለልምምዱ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ጽሑፍ መጻፊያና ብራውዘር ያለው ስልክ ይበቃል፣ ፋይሉም ከዚያው ከስልኩ ይከፈታል። ከመካከላችን ሁለቱ የተማሩት በስልክ ብቻ ነው፤ ቀስት መሰሉን ቅንፍ ለማግኘት የፊደል ገበታውን በየጊዜው መለዋወጥ አሰልቺ መሆኑን ግን ነግረውናል።

ያን እትም እንደገና ሠርተነዋል። የመጽሔቷ ስም «ኤች 1» ሆኗል፣ አሥሩ ጽሑፎችም ርእሳቸውን በ«ኤች 2» አግኝተዋል። ጓደኛችን ኤችን እየተጫነ አሥረኛው ጽሑፍ ላይ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ከደረሰ በኋላ ግን ጽሑፉን አልወደደውም። የቀረን አሥራ አንደኛው፣ ግጥሙ ነው። በወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው መስመር ከሥሩ ተሰምሮበታል፣ ከቀሩትም በጥቂቱ ተለይቶ ተቀምጧል። ይህ የግጥሙ ርእስ ነው ወይስ ገጣሚው ድምፁን ያነሣበት የመጀመሪያ ስንኝ? ርእስ ከሆነ «ኤች 2» ይገባዋል፤ ስንኝ ከሆነ ከሌሎቹ ጋር በ«ቢአር» ይሰለፋል። ሦስት ምሽት ተከራክረንበት አልተስማማንም። ገጣሚው በብዕር ስም ስለ ጻፈ ማን እንደ ሆነ አናውቅም። ይህን ካነበበ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነን፤ መጥቶ ይንገረን።